ከ«ሌ» በፊት ያሉት አራት ፊደላት

የ1ኛ ክፍል መምህርት መሆኔን የሚሰማ ሰው የሚለኝ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እግዜር ትዕግሥቱን ሰጥቶሽ ነው እንጂ እንዴት ይቻላል!» ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ባንክ ወረፋ ላይም ሰምቼዋለሁ። በደግ ልብ የሚባል ስለሆነ አመሰግናለሁ፤ ግን አልስማማም። ትዕግሥት ለአንዱ የሚሰጥ ለሌላው የሚነፈግ ጸጋ ከሆነ፣ ያልተሰጠው መምህር ምን ያድርግ? እሱ ክፍል የገቡት ልጆችስ ዕጣቸው ነው ተብሎ ይታለፍ? እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ትዕግሥታችን የሚያልቀው ልጁ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ ሳናውቅ ስንቀር ነው። ስናውቅ የምንቆጣበት ምክንያት ይጠፋብናል።

በፊደል ልጀምር። ገበታ ፊት የቆመ የሰባት ዓመት ልጅ ውሰዱ። ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደዋል፤ እናቱም ሰምታ «ልጄ ፊደል ለየ» ብላ ለጎረቤት ትናገራለች። አሁን ገበታው ላይ ጣታችሁን «ሌ» ላይ አሳርፉና «ይህቺስ ማን ናት?» በሉት። ዝም ይላል። ዝምታው ግን ባዶ አይደለም። ከንፈሩን ተመልከቱ፤ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለ ከረድፉ ራስ ተነስቶ እየመጣ ነው። ከዚያም በፊት «ለ» የትኛዋ እንደሆነች መፈለግ ነበረበት። ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሌ!» ይላል፤ ፊቱ ይፈካል። የቸኮለ መምህር ግን ልጁ «ሊ» ላይ ሳለ «ቁጭ በል፤ ሌላ ማን ያውቃል?» ብሎታል። ከመልሱ የቀሩት ሁለት ፊደላት ነበሩ። ቁጭ ሲል ይዞት የሚቀመጠው ነገር «እኔ አላውቅም» የሚል ነው፤ እሱም እውነት አይደለም።

ይህ ልጅ የተሸከመውን እናስብለት። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ቋ» እና «ጓ» ሳይቆጠሩ። ካዕብ ጎኑ ላይ በምትቀጠል ጭረት ይታወቃል፤ «ሉ»፣ «ቡ»፣ «ሱ»። ልጁ ሕጉን ያዝኩ ብሎ ደስ ሲለው «ሩ» እና «ፉ» መጥተው ያፈርሱበታል። ሳድስ ጋ ሲደርስማ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ «ል»፣ «ም»፣ «ር»፣ «ን»። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ጠ»ን ከ«ጨ» የሚለየው ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ላይ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» ቅርጻቸው ሦስት፣ ድምፃቸው አንድ ነው። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አንድ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብላኛለች። በግዕዝ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው፣ በአማርኛ ግን እንደተቀላቀሉ ነገርኳት። የሥነ ልሳን ምሁራን የሚጠይቁትን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ንባብ ሲጀምሩ ደግሞ መጥበቅና መላላት አይጻፍላቸውም። መጽሐፉ «ገና አልመጣም» ሲል ልጁ በዓሉን አስቦ አጥብቆ ቢያነበው፣ ለእኔ ስህተት ከማለት ይልቅ ከሁለት ትክክለኛ ንባቦች አንዱን መርጧል ማለት ይቀለኛል።

ከንፈር ማየትን ያሳዩኝ አጠገቤ ያለውን ክፍል ያስተምሩ የነበሩ አንዲት አንጋፋ መምህርት ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ልጅ ሲያናግሩ ከዴስኩ አጠገብ ዝቅ ብለው ፊታቸውን ከልጁ ፊት ጋር ያስተካክላሉ። ጠይቀው ሲያበቁ ፈጽመው ዝም ይላሉ። ሌሎቹ ልጆች «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» እያሉ እጃቸውን ሲያወናጭፉ መዳፋቸውን ብቻ ዘርግተው ያስቆሟቸዋል። አንድ ቀን ክፍላቸው ገብቼ እንድመለከት ፈቀዱልኝና ከኋላ ተቀመጥኩ። የጠየቁት ልጅ ሲዘገይ እኔ በልቤ መልሱን እየነገርኩት ነበር። ወደ እኔ ዞር ብለው ቀስ ብለው «ከንፈሩን እያየሽ ነው?» አሉኝ። አየሁ። ልጁ እየቆጠረ ነበር። ለዕረፍት ስንወጣ የነገሩኝ አጭር ነው፤ «በእግሩ እየመጣ ያለውን ልጅ ምን በድሎ ነው ከመንገድ የምመልሰው?»

አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በክፍል ውስጥ የሚካሄዱ ንግግሮችን እየቀዱ ሲያጠኑ ያገኙት ከዚህ ጋር ይገጥማል። መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲለማመዱ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ፤ ደካማ የሚባሉት ልጆች ጭምር መናገር ጀመሩ። እስቲ በልባችሁ፣ ልጅ በሚልበት ፍጥነት፣ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ» በሉ። ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ጠቅላላ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ለልጁ ግን አውቃለሁ ብሎ ወይም አላውቅም ብሎ በመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው።

ሒሳብ ላይ ያስተማሩኝ ቆርኪዎች ናቸው። ልጆች የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሰብስበው ያመጣሉ፤ መቁጠሪያችን እሱ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ዣን ፒያዤ የተማርኩትን ለፈተና ነበር የሸመደድኩት። ክፍል ገብቼ ግን በገዛ ዓይኔ አየሁት። ስድስት ቆርኪ በአንድ መስመር፣ ስድስት ቆርኪ ከሥሩ ደረደርኩ። «እኩል ናቸው» አለ ልጁ። የታችኛውን መስመር በፊቱ አራርቄ ዘረጋሁትና «አሁንስ?» አልኩት። «የታችኛው ይበዛል!» እንዲቆጥር ጠየቅሁት፤ ሁለቱንም በትክክል ስድስት ስድስት ቆጠረ። ወዲያውም «ግን ይሄኛው ይበዛል» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፤ እልኸኛም አይደለም። በዚያ ዕድሜ ዓይን ቁጥርን ያሸንፋል። መጮህ ይህን አይለውጠውም፤ ደግሞ ደጋግሞ ማስረዳትም ብዙ አይፈይድም። ከፋሲካ በኋላ ያንኑ ልጅ ያንኑ ስጠይቀው ጥያቄው ራሱ አሳቀው። በመካከሉ የሠራው ሥራ ቆርኪ መቁጠር፣ መደርደር፣ ለጓደኛ ማካፈል ነበር። መምህር የሚያዘጋጀው ጊዜውንና ቆርኪውን ነው፤ መብሰሉ የልጁ ነው።

ትእዛዝም እንዲሁ ነው። «ደብተር አውጡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጡ፣ ስትጨርሱ አምጡ» ስንል ለእኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ አራት ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውን ሲፈጽም ሦስቱ ከአእምሮው ወጥተዋል። አንዱን ነግሮ፣ ሁሉም ሲያደርገው አይቶ፣ ሌላውን መንገር ክፍለ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል። አያባክንም፤ «ምን አሉ? ምን አሉ?» የሚለው ጫጫታ ይቀራልና። ስለ መጻፍም አንድ ነገር ልጨምር። እጅ አንጓ ላይ ካሉት 8 ትንንሽ አጥንቶች የመጨረሻዋ ወደ አጥንትነት የምትለወጠው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ ነው። ርሳሱን ጨቁኖ ይዞ፣ በላጲስ ወረቀቱን የሚቀድ ልጅ ገና እያደገ ባለ እጅ ነው የሚጽፈው። ግራኝ ከሆነ ደግሞ ግራኝ ነው፤ ርሳሱን ከእጁ ነጥቆ ወደ ቀኝ ማዞር ከሁለት ወገን ነው የሚያደክመው።

አለቃ የምንለውን ልጅ «የሚያወራ ልጅ ስም ጻፍ» ብሎ መውጣት ሁላችንም ያለፍንበት ልማድ ነው። አንጋፋዋ መምህርት ያንን ወረቀት አይጥሉትም ነበር። ስማቸው በየቀኑ የሚመላለሱትን ልጆች ይለዩና እያንዳንዱን ለብቻው ይመለከቱታል። አንዱ ከኋላ ተቀምጦ ሁልጊዜ ጎረቤቱን የሚያዋራ ልጅ ነበር። የሚያወራው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እየጠየቀ ኖሯል፤ አይታየውም። ፊት ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። ሌላው ጆሮው የሚፈስ ልጅ ነው። ሲጠሩት አይዞርም፣ ሲጠይቁት ሌላ ይመልሳል፤ «ይንቀኛል» ተብሎ ይገሠጽ ነበር። ጤና ጣቢያ ታይቶ መታከም ሲጀምር ንቀቱ ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ካየሁ በኋላ «ረባሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ያያል ወይ፣ ይሰማል ወይ፣ በልቷል ወይ የሚለውን ነው።

በልቷል ወይ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ የጀመረችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያስተማረ ሰው ሁሉ ረፋዱ ላይ ዴስኩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ የሚተኛውን ልጅ ያውቀዋል። ስንፍና የሚባለው፣ ልበ ቢስነት የሚባለው፣ ስንቱ በዳቦና በሻይ ይድን እንደነበረ ያየነው ቁርስ መቅረብ ሲጀምር ነው። ለመመገቢያው የሚለፉትን እናቶች ከመምህራን እኩል አስተማሪዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ዝም የሚሉት ልጆች በዝርዝሩ ላይ ስለማይጻፉ ይረሳሉ። ወላጆቿ ሸማኔዎች የሆኑ፣ ቤት ውስጥ ጋሞኛ ብቻ የሚነገርባት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አንዲት ቃል አልወጣትም። ትገለብጣለች፣ ትሰማለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትሰለፋለች። እንድትናገር ማስጨነቁን ትቼ አጠገቧ ተናጋሪ ልጅ አስቀመጥኩላት፤ ስዕል እያሳየሁ ጣቷን እንድትቀስር ብቻ እጠይቃታለሁ፤ በጣቷ ስትመልስ እንደ ሙሉ መልስ እቆጥርላታለሁ። አንድ ቀን ያቺ ተናጋሪ ጓደኛዋ «ሦስት ላሞች አለ» ብላ ስታነብ ከጎኗ ቀጭን ድምፅ «አሉ» አለ። እሷ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ እየተማረች ነበር። ንግግርን ከመማር ጋር አንድ አድርገን የምናይ መምህራን እንዲህ ያሉትን ልጆች «አይገባቸውም» ብለን ጽፈን ለሚቀጥለው መምህር እናስተላልፋቸዋለን።

ስለ አርጩሜ ሳላነሳ ባልፍ ጽሑፉ እውነተኛ አይሆንም። ወላጅ ልጁን ይዞ ሲመጣ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» የሚለው አባባል ዛሬም አልጠፋም። የሚሉት በጭካኔ አይደለም፤ ራሳቸው በዚያ አልፈው ሰው ሆነዋል፣ ለልጃቸውም ያንኑ ይመኛሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉን የማያውቅ መምህር የለም። ክፍሉ ሲንጫጫ፣ ጊዜው ሲያልቅ፣ ሕጉ ብቻውን እጅ አይይዝም። እጅን የሚይዘው በዱላ ፊት የቆመ ልጅ ምን እንደሚሆን ማየት ነው፤ ከ«ለ» ተነስቶ ወደ «ሌ» ሲሄድ የነበረው ልጅ ዱላ ሲያይ መቁጠሩን ያቆማል። ከንፈሩ ይደርቃል። ያስተማርኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከእሱ ይርቃል። የፈራ ልጅ ጸጥ ይላል እንጂ አያነብም።

አባቴ ፊደል የቆጠረው ጎጃም ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ነው። አለንጋውን ይነግረን ነበር፤ እየሳቀ ነበር የሚነግረን፣ ግን አይረሳውም። ስለዚያ ትምህርት ቤት ሌላም ነገር ይነግረን ነበር፤ እኔ ትልቁን ቁም ነገር ያየሁት መምህርት ከሆንኩ በኋላ ነው። በአንድ ጥላ ሥር አንዱ ልጅ «ሀ ሁ» ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሌላው የዮሐንስን መልእክት በንባብ ይዟል፣ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ። ሁሉም በየራሱ ቦታ ነው ያለው። ዓመቱ ስላለቀ ያለፈ፣ ዓመቱ ስላለቀ የወደቀ ልጅ የለም። ሲያውቀው ይሻገራል። የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል። አቡጊዳ ራሱ ምን እንደሆነ አስቡት፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ልጁ በዜማ የያዘውን ረድፍ አፍርሶ፣ ግዕዙን ከካዕቡ፣ ሣልሱን ከራብዑ እያቀላቀለ፣ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ እንዲያውቃት ያደርገዋል። የ«ሌ»ን ችግር አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ መድኃኒቱንም አዘጋጅተውለታል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከየኔታ አለንጋውን ወረሰና በልጁ ፍጥነት መሄድን ተወው። ይህ ያስቆጨኛል። መውረስ የነበረብን ሁለተኛውን ነበር።

«አንድ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ልጅ ይዘሽ የትኛውን ከንፈር ታያለሽ?» ለሚለኝ የሥራ ባልደረባዬ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ብዙ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሒሳቡን የሠራ ሰው ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳን እንደማይደርሰው ያያል። ስለዚህ በየቀኑ ሁሉንም ለማየት አልሞክርም። ጥቂት ልጆችን መርጬ ያን ቀን የእነሱ እሆናለሁ፤ በማግስቱ የሌሎቹ። የሚያነቡትን ከማያነቡት ጋር አጣምሬ አስቀምጣለሁ፣ እንደ የኔታ ደቀ መዝሙሮች። ፊደል በቆረጥኳቸው የካርቶን ካርዶች ላይ ተቀላቅሎ በየቡድኑ ይዞራል፤ ልጆቹ «የእኔ አቡጊዳ» ይሉታል። ትንሽ የሚያስነጥቅ ጨዋታ አለበት፣ ጫጫታም አለው። ከጎረቤት ክፍል «ክፍልሽ ይረብሻል» ቢሉኝም የንባብ ጫጫታ መሆኑን ስለማውቅ አላስቆመውም።

መምህሩም ሰው ነው። የቤት ኪራይ የጨመረበት፣ ታክሲ ተጋፍቶ የመጣ፣ ፈረቃውን ጨርሶ ሌላ ቦታ የሚያስጠና መምህር መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ምን ያህል እንደሚቀረው አውቃለሁ። ለልጅ እንድንታገሥ የሚጠይቁን ሰዎች ይህንንም ቢያስቡልን መልካም ነው። በእኔ ዘንድ የሠራው ነገር ከባዱን ጠዋት ማድረግ ነው፤ አዲስ ፊደል፣ አዲስ ሒሳብ ጠዋት። የቀኑ መጨረሻ ለተረትና ለመዝሙር ይቀራል። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ብለው ሲመልሱልኝ ድካሙ ለእነሱም ለእኔም ይቀላል። ያን ሰዓት ማንንም መቆጣት አያስፈልግም።

ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የምድብ ነገር ሲነሳ ግን ልቤ ይደማል። ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ የተመሰገኑ መምህራን ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ይወጣሉ፤ 1ኛ ክፍል ከኮሌጅ ለወጣ አዲስ መምህር ይሰጣል፣ አንዳንዴም እንደ ቅጣት። «ሀ ሁ ማስቆጠር ማንም ይችላል» ይባላል። ማንም አይችልም። የልጅን ዝምታ ከዝምታ መለየት፣ የማያይን ከማያዳምጥ መለየት፣ ስድስት ቆርኪ ቆጥሮ «ይሄኛው ይበዛል» የሚለውን ልጅ ሳይቆጡ መጠበቅ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ካለ ሥራ ሁሉ የበለጠ ዕውቀት ይፈልጋል። 8ኛ ክፍል ላይ በሚኒስትሪ ፈተና የሚወድቀው ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀው 1ኛ ክፍል ላይ፣ «ሊ» ላይ ሳለ «ቁጭ በል» የተባለ ዕለት ነው።

ርዕሳነ መምህራን ነሐሴ ላይ ምድብ ስታወጡ የምለምናችሁ ይህን ነው። 1ኛ ክፍልን በትምህርት ቤቱ ላሉት በጣም ልምድ ላላቸው መምህራን ስጡ፤ አዲሱን መምህር ከእነሱ ክፍል አጠገብ መድቡት፣ ገብቶ ከኋላ ተቀምጦ እንዲያይም ጊዜ መድቡለት። መስከረም ላይ ጤና ጣቢያውን ጠርታችሁ የልጆቹን ዓይንና ጆሮ አስመርምሩ። መጽሐፉ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ልጅ «ሌ»ን ብቻዋን ቢያገኛት እንደሚያውቃት ጠይቁን። እኔ በበኩሌ ዘንድሮም 1ኛ ክፍልን ራሴ ጠይቄ ወስጃለሁ፤ ካርዶቹንም በአዲስ ካርቶን እየቆረጥኩ ነው።